የሳህሌ ሳቅ

ሳህሌ ቃሊቲ ቆሞ ሲስቅ አቃቂ ይሰማል ይባል ነበር። ሰው ማጋነን ይወዳል፤ ይሁን፣ ይውደድ። ግን የጎረቤት ሕፃን በሳቁ ከእንቅልፉ ባንኖ ያለቅስ እንደነበር፣ እናቲቱም ልትቆጣ ወጥታ እሷው ስቃ ትመለስ እንደነበር ድንቅነሽ በዓይኗ አይታለች። ሚስቱ ናት፤ ከማንም በላይ ታውቃለች። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ክረምት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው።

ዘመኑ ባቡሩ ገና የአቃቂ ሰው ሰዓት የነበረበት ነው። ገበሬው ወደ ገበያ የሚወጣው፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ምሳውን የሚፈታው የባቡር ጩኸት ሰምቶ ነበር። ሳህሌ ደግሞ የሐዲድ ሠራተኞች ካቦ ነው። ሰዎቹን ይዞ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ መስመሩን በእግሩ ያስሳል፤ የላላ ብሎን ያስጠብቃል፣ ጎርፍ የጠረገውን ጠጠር ያስሞላል፣ አደጋ ካየም ቀይ ባንዲራውን ዘርግቶ ባቡር ያስቆማል። ባቡር የሚያስቆም ሰው! እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አንገቷን ቀና ብታደርግ ማን ይፈርድባታል?

ሰኔ ላይ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ምግብ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ወሬ። ከዚያ አንድ ጠዋት አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ድንቅነሽ ወፍጮ ቤት ሄዳ ስትመለስ እዚያው ነበር።

«ሳህሌ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ያመመህ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ንገረኝ እንጂ!»

የያዘውን ጫማ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ድንቄ፣ እኔ ለምንም የማልረባ ሰው ነኝ» ብሎ ተጋደመ። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ስሟን እንኳ አልጠራም።

ሰፈሩ ዝም ይላል ብላችሁ ነው? የፊት ለፊቷ የሺሐረግ፣ «ዓይነ ጥላ ነው፤ እኔ ገና ድሮ ታይቶኛል» አለች። ምን እንደታያት እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ሌላው «ድግምት ነው» አለ። አንዱ ደግሞ፣ ያውም በሳህሌ ዋስትና ሥራ የገባ ሰው፣ «ኤዲያ! ሥራ ጠልቶ ነው፤ ጦሙን ቢያድር ይነሳ ነበር» ብሎ አረፈው። ድንቅነሽ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ግን እውነቱን ለመናገር እሷም ብትሆን ትዕግሥቷ እያለቀ ነበር። አንድ ቀን፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ ይሆናል? ተነስ እንጂ! አታፍርም?» ብላ ጮኸችበት። የሳህሌ እንባ በጆሮው ላይ እየወረደ ትራሱን አራሰው። ምነው ምላሴን በቆረጠው ብላ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ዋለች።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እግሩ ያልቀረው መገርሳ ብቻ ነው። መገርሳ ከሳህሌ ሥር የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ቁጥብ ጎልማሳ ነው። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ሐዲዱ የሚያልፍበት ሜዳ ላይ አያቶቹ ያርሱ ነበር፤ አሁን ከእናቱ ከእማማ አደሴ ጋር እዚያው መስመሩ ዳር ይኖራል። ለጣቢያው ኃላፊ «ጋሼ ሳህሌን ወባ ይዞታል» እያለ የካቦነቱን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ይመጣና አልጋው ጎን ይቀመጣል። እንደ ሌላው ሰው አይመክርም፣ አይገሥጽም። «ዛሬ ድልድዩ ጋ ጎርፍ ጠጠር ወስዶ ነበር፤ ሞላነው» ይላል። ከዚያ ዝም። መሽቶ ሲሄድ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጎ እግሩን ያለብሰዋል።

ነሐሴ ላይ ድንቅነሽና መገርሳ ሳህሌን ግራና ቀኝ ደግፈው፣ ባቡር አሳፍረው፣ ከተማ ወዳለ የአእምሮ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። የምታስተረጉምለት ነርስ ብዙወርቅ ትባላለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ዓይኗ ግን የማይሸነገል ሴት። ሐኪሙ ሳህሌን አገላብጦ ካየ በኋላ በነርሷ አፍ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ከዚህ በፊት የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ያውቃል? እንቅልፍ የተወበት፣ ደስታው ልክ ያጣበት፣ ያለውን ሁሉ የበተነበት ጊዜ አለ?»

ድንቅነሽን ከዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቅ አመለጣት። «እሱማ ተፈጥሮው ነው! ካቻምና ለሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ባርኔጣ ገዝቶ መጣ። ለማናውቀው ሰው አጥር ሲያጥር ያደረበትም ጊዜ አለ። ደግ ነው፣ እጁ አይሰበሰብም።»

ብዙወርቅ አልሳቀችም። ለሐኪሙ ነገረችው፤ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ ትንሽ ተናገረ። እሷም ወንበሯን ወደ ድንቅነሽ አስጠጋች።

«እህቴ፣ ስሚኝ። ይኼ በሽታ ሁለት ፊት አለው። አሁን ያጎበጠው አንዱ ነው፤ ያ ባርኔጣ ደግሞ ሌላው ነው። ስንፍና አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ እንደ ማንኛውም በሽታ በሽታ ነው። ሐዘኑ ከጊዜ ጋር ይለቀዋል። እኔ የምፈራለት ሲነሳ ነው። ያኔ አንቺ ደስ ይልሻል። እንቅልፍ ቀርቶ፣ ወሬው አላልቅ ብሎ፣ የማልችለው ነገር የለም ሲልሽ ካየሽ ግን ውለሽ አትደሪ። ይዘሽው ነይ።»

ድንቅነሽ «እሺ» አለች። ባቡሩ ላይ ግን ንዴቷ ገነፈለ። «ሳቁንም በሽታ አሉት እኮ! ወይ ጉድ! የቀረን እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊወስዱብን ነው!» አለች። መገርሳ የሳህሌን ጋቢ እያስተካከለ ጭራሽ ያልሰማ መሰለ። ሰምቶ ነበር፤ የነርሷንም ቃል አንድም ሳይቀር ይዞታል።

ክኒኑን ሰጠችው። ሳምንት ሄደ፣ ሌላም ሄደ፣ ሰውየው ያው ነው። በመጨረሻ ድንቅነሽ ብድግ ብላ ሳሪስ አቦ ሄደች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ተደፍታ ተሳለች። «አቡዬ፣ አባቴ፣ ሳቁን መልስልኝ። ሳቁን ብቻ። ለጥቅምት አቦ፣ በሰው ፊት፣ እሱን ከጎኔ አቁሜ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ።» ጤናውን አላለችም። ለእሷ ጤናውና ሳቁ አንድ ነበሩ።

መስቀል እንዳለፈ ሳህሌ ተነሳ።

ድንቅነሽ ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። ከቤት ውስጥ፣ «ድንቄ! ይቺ ድመት ምን ብላ ነው እንዲህ የወፈረችው?» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ ያ ሳቅ መጣ። ጎመኑ ከእጇ ወደቀ። እሰይ! እሰይ አባቴ! እልልታዋን ለቀቀችው፤ የሺሐረግም ከማዶ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ እልልታውን ተቀበለቻት። በዚያች ቀን ልቧ ቅቤ ጠጣ ቢባል ውሸት የለበትም። አንድ ክረምት ሙሉ ስሟን ያልጠራ ሰው በየደቂቃው «ድንቄ፣ ድንቄ» ይላታል፤ ፀጉሯን ይነካል፣ የሠራችውን ያሞግሳል፣ አዲስ ሙሽራ አደረጋት። ክኒኑንስ ምን ያደርግለታል? እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አልሰጠችው።

ሳህሌ ሥራ ገባ። ሠራተኞቹ ተሸክመውት ጨፈሩ። ከሥራ ሲመለስ ቤቱን ኖራ ቀባ። ጥሩ። በማግስቱ የየሺሐረግን ቤት ቀባ። ይሁን፣ ደግነት ነው። ከዚያ ግን መንገድ ሄዶ የነበረ ጎረቤት ሲመለስ ቤቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ አገኘውና በስመ አብ ብሎ አማተበ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ድንቅነሽም ሳቀች፤ ግን ከሰው ሁሉ ቀድማ ሳቋን አቆመች። ምክንያቱም ባሏ ያን ቤት መቼ እንደቀባው ታውቃለች፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። መስቀል ካለፈ ወዲህ ጎኑ አልጋ አልነካም። ወሬ ይጀምራል፣ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፣ እሷ እንቅልፍ ሲያዳፋት እሱ ለድመቷ ይቀጥላል።

ነርሷ ያለቻት ትዝ አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ይኼ ሰው አራት ወር ተኝቷል፤ ከእንግዲህ ቢነቃ ምን ይገርማል?

መገርሳ የመጣው የጥቅምት አቦ ሲቃረብ ነው። ሳህሌ ቤት እንደሌለ አይቶ አጥሩ ጋ ቆመ። አልገባም።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ጋሼን ወደ ሐኪሙ እንውሰደው።»

«ምን ሆነ?»

«ትናንት የጭነቱን ባቡር በቀይ ባንዲራ አስቆመው።»

«ሥራው አይደል እንዴ?»

«ሐዲዱ ላይ ምንም አልነበረም። አስቁሞ ነጂውን 'ልጅህ ጥርስ አወጣ ወይ?' ብሎ ጠየቀው። ለኃላፊው እኔ ነኝ ድንጋይ ያየሁ መስሎኝ ያስቆምኩት አልኩ። ቀጡኝ፤ ግድ የለም። ግን ዛሬ ደግሞ ብሎን እናላላ፣ መስመሩን በሜዳው በኩል አዙረን በአንድ ቀን እንዘርጋው ይላል። ሠራተኞቹ ይስቃሉ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ነርሷ ያለችን ይኼው ነው፣ እትዬ።»

ድንቅነሽን ውስጧ «እውነቱን ነው» አላት። በደንብ ሰማችው። ግን ጃንጥላው ተገዝቶ፣ ዳር ዳሩ በወርቅማ ክር ተዘምዝሞ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቷል፤ ሰው ሁሉ አቡዬ ሰማት እያለ ነው። ዛሬ ባሏን እብድ ብላ ሐኪም ቤት ብታስገባ፣ የዛሬ ሳምንት ምን ብላ ነው ስለት የምታስገባው? ላልዳነ ሰው? አቡዬ አልሰማሽም ቢሏትስ? ሰምቶ ሳለ ብታስቀርበት ደግሞ የእሱን ቁጣ ማን ይችላል? ከሁሉም በላይ ያንን ጨለማ ቤት ፈራች። ይህን ሳቅ በገዛ እጇ አሳልፋ ሰጥታ ተመልሳ ወደዚያ ዝምታ ልትገባ አልቻለችም። ሰው ሲጨንቀው በእውነቱ ላይ አይጮህም፤ እውነቱን ባመጣለት ሰው ላይ ይጮሃል።

«ገባኝ» አለች። «ካቦነት አማረህ።»

መገርሳ ክው አለ።

«ክረምቱን ሙሉ ደርበህ ስትሠራ ጣመህ አይደል? አሁን ተነሳብህ! ሲተኛ አልጋው ሥር የምትቀመጠው ለዚህ ነበር? ምቀኛ! ሰው ቢድን የሚከፋህ ምቀኛ!»

መገርሳ ባርኔጣውን በእጁ አገላበጠው። «እሺ፣ እትዬ» አለ። «ቀዩን ባንዲራ ግን ወስጄበታለሁ። አቦ ዕለትም ከጎኑ አልርቅም።» ብሎ ሄደ። ድንቅነሽ የአጥሩን በር ዘጋች። አቦ እስኪያልፍ ብቻ አለች ለራሷ። ጃንጥላውን ላስገባ፣ ሰው ይየኝ፣ በማግስቱ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ። ይህን ስትል በእርግጥ አስባው ነበር፤ የማታደርገውን አላለችም።

የጥቅምት አቦ ደረሰ። ሜዳው ለምልሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሳሪስ አቦ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። ድንቅነሽ ጃንጥላውን ዘርግታ ስትገባ ሴቶቹ ከበቧት፣ እልልታው ቀለጠ። አንድ ቄስ ተቀብለዋት ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ክረምቱን ሙሉ የተኛ ባሏ ይኸው ቆሞ መጣ አሉ። ያኔ ሳህሌ ከጎኗ ወጥቶ መሃል ገባ። ዘለለ፣ ጨፈረ፣ ጋቢውን አውልቆ ለአንድ ነዳይ አለበሰው፣ ጫማውን ለሌላ ሰጠ፣ ቄሱን አቅፎ ሳመ። «ዛሬ የታመመ ሁሉ ይነሳል! እኔ ነኝ የምነግራችሁ!» እያለ ጮኸ። ሰው እያለቀሰ አጨበጨበ። እንዴት ያለ ተአምር ነው ተባለ። ከኋላ የቆመው መገርሳ ብቻ አላጨበጨበም፤ ዓይኑን ከሳህሌ ላይ አልነቀለም። ድንቅነሽ ዞራ አየችውና ፊቷን መለሰች።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሰፈሩ ሰው እንደለመደው በአቋራጭ፣ በሐዲዱ ዳር ዳር ነው የሄደው። ሳህሌ ባዶ እግሩን ከፊት ነው፤ የድንቅነሽን ነጠላ ከትከሻዋ ገፎ በራሱ ላይ ያውለበልባል። መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ወደሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ ከወደ ከተማው የባቡር ድምፅ ተሰማ።

«ቁሙ!» አለ ሳህሌ ዞሮ። «ዛሬ የአቡዬ እንግዳ በእግሩ አይገባም! ባቡር አሳፍራችኋለሁ! ለኔ ያቆማል!»

ሰዉ ሳቀ። እንግዲህ ይህን አስቡት፤ ሰዉ ሳቀ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ለመሳፈር ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፤ የታወቀ ካቦ ነው፣ ባቡር ሲያስቆም በዓይናቸው አይተዋል። ሳህሌ ሐዲዱ መሃል ገብቶ ነጠላውን ዘረጋ። ቀይ ባንዲራ ያየ ነጂ ይቆማል፤ ነጭ ነጠላ የሚያውለበልብ የበዓል ሰው ያየ ነጂ ግን ፊሽካውን ነፍቶ ሰላምታ ይመልሳል። ባቡሩ ነፋ። ሳህሌ ከደስታ ብዛት ሳቀ፤ «አላልኳችሁም?» አለ።

ድንቅነሽን መጮህ አቃታት። መገርሳ ባርኔጣውን ጥሎ ሲሮጥ አየችው። ሳህሌ ቢታገለውም በሁለት እጁ ወገቡን አንስቶ ወረወረው፤ ሳህሌ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። ባቡሩ በመሃላቸው አለፈ፣ ፍሬኑ እየጮኸ ሩቅ ሄዶ ቆመ። መገርሳ በዚያኛው በኩል አልነበረም፤ ባቡሩ ይዞት ሄዷል።

ሳህሌ ከሣሩ ላይ ተነስቶ፣ «አያችሁ? ቆመ! ቆመልኝ!» እያለ ወደ ባቡሩ ሮጠ።

በዚያው ቀን ወደ ከተማ በሚመለሰው ባቡር ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ እስከዚያ ድረስ ወሬውን አላቆመም፤ ስለ መገርሳ ሲነግሩት «ይመጣል፣ ይመጣል» ይል ነበር። ድንቅነሽ ከነርሷ ፊት ቀርባ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ብዙወርቅ፣ «መቼ ጀመረው?» ብላ ጠየቀቻት። «መስቀል እንዳለፈ» አለች። ነርሷ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሳህሌን ይዛ ገባች። ድንቅነሽ በሰደበችኝ ብላ ተመኘች።

ለቅሶው እማማ አደሴ ደጅ ድንኳን ተጥሎ ነው። ድንቅነሽ እንዴት እንደገባች አታውቅም። ሴቶቹ እየተጠጉ በጆሮዋ የሚሏት ነበር የባሰው። «ግን ተመስገን በይ፤ ያንቺን አቡዬ አተረፈልሽ። ባቡር ፊት ቆሞ የተረፈ ማን አለ? ስለትሽ ሠመረ።» የሺሐረግ ደግሞ እንባዋን እየጠረገች፣ «በዚያው ዕለት እኮ ነው! በዚያው ዕለት!» አለች። ድንቅነሽ አፈር በበላሁ አለች በልቧ። ተነስታ ከእማማ አደሴ እግር ሥር ተደፋች።

አሮጊቷ አላለቀሱም፤ እንባቸው ያለቀ ይመስላል። እጇን ያዙና አነሷት።

«ልጄ፣ መገርሳ አንቺ ዘንድ መጥቶ ነበር፤ 'ለእትዬ ነግሬያት ልምጣ' ብሎኝ ነው የወጣ። ሲመለስ እራቱን አልበላም። ጠየቅሁት፣ አልነገረኝም። ምን አልሽው?»

ድንቅነሽ መዋሸት ትችል ነበር። አሮጊቷም ውሸቱን የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«ምቀኛ አልኩት፣ እማማ» አለች ድንቅነሽ። «ካቦነት አማረህ አልኩት። እውነቱን እንደሆነ እያወቅሁ። አቦ እስኪያልፍ ብዬ ነው።»

እማማ አደሴ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ የያዙትን እጇን ቀስ አድርገው ጭኗ ላይ መለሱላት፤ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ድንቅነሽ ከዚያች ቀን ጀምሮ እኚያን ሴት ስትሸሽ ኖረች፤ ቤታቸው ደግሞ ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ሳህሌ ሐኪም ቤት ሳለ ሳቁ ለቀቀው፤ ነርሷ እንዳለችውም ከዚያ ከፍታ ቁልቁል ወደቀ። የመገርሳ ነገር በዚያ ጨለማ ውስጥ ገባው። ያንን አልጽፈውም፤ ሰው የገዛ ነፍሱን እንዴት እንደሚጠላ አይቶ የማያውቅ ባያውቀው ይሻለዋል። ጠባቂ አደረጉለት፤ መድኃኒት ቀያየሩለት። ድንቅነሽ እየተመላለሰች አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። «ዛሬ ድልድዩ ጋ ጠጠር ሲሞሉ አየሁ» ትለዋለች፤ ከዚያ ዝም። ሌላ የምታውቀው ማስታመም አልነበራትም።

ሲወጣ ሠላሳ ዓመት የጨመረ መሰለ። ካቦነቱ ቀረ፤ የጣቢያው መጋዘን ዘበኛ አደረጉት። ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፤ እሷም ቆማ ታየዋለች። ይሠራል፣ ይበላል፣ ሰላምታ ይመልሳል፤ አልፎ አልፎ ብቻውን እማማ አደሴ ደጅ ሄዶ እንጨት ይፈልጣል። አሮጊቷ አያናግሩትም፣ አያባርሩትምም። ሰፈሩ ይህን ሁሉ አይቶ «ዳነ» አለ። ዳነ ከተባለ እንግዲህ ዳነ።

በዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ደጅ ተቀምጠዋል፤ እሷ ምስር ትለቅማለች፣ እሱ የቆመጡን እጀታ ይፍቃል። የየሺሐረግ ፍየል ከአጥር ላይ የተሰጣ የጎረቤት ቄስ ጥምጥም ነክሳ ወጣች። ቄሱ ከኋላ፣ የሺሐረግ ከቄሱ ኋላ፣ ጥምጥሙ እየተተረተረ መንገዱን ሙሉ አለበሰው። ቄሱ ጫፉን ረግጠው በአፍጢማቸው ሊተከሉ ሲሉ ፍየሏ ዞር ብላ በዝግታ አየቻቸው።

ሳህሌ ሳቀ። ያ የድሮው ሳቅ ነው፤ ከሆዱ የወጣ፣ ሰፈሩን የሞላ።

ድንቅነሽ ሳታውቀው ቆማለች። ምስሩ መሬት ላይ ተበትኗል። ዓይኗ ዓይኑ ላይ ነው፤ ብርሃኑን ትመረምራለች፣ እጁን ታያለች፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፤ መጨረሻ የተናገረውን ቃል ፍጥነት ታስታውሳለች። ያ ተደፍታ የለመነችው ሳቅ እንዲህ ሆነባት።

ሳህሌ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ፤ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«አይዞሽ፣ ድንቄ» አላት። «ሌሊት ተኝቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ታውቃለች። ትንፋሹን ስታዳምጥ ያደረችው እሷ ናት።